97 በመቶ ያመጣው ሞዴሌ የአያቴን ጽሕፈት ማንበብ አቃተው

የዶሮማነቂያ_ልጅ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። እስከ ዛሬ አንብቤ እወጣለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ግራ ገብቶኛል።

11ኛ ክፍል ነኝ፣ ናቹራል። ያደግኩት ዶሮ ማነቂያ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ከፒያሳ ወጣን፤ ትምህርት ቤቴ ግን አሁንም አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ከክፍል ስወጣ አብርሆት ገብቼ እስኪመሽ እቀመጣለሁ። ፓይተን የሚባለውን የኮድ መጻፊያ ቋንቋ የለመድኩት እዚያ ነው፣ በአጎቴ አሮጌ ላፕቶፕ። ራሙ 4 ጊጋ ነው። ሥራ ሲበዛበት ማራገቢያው ዳገት እንደያዘ ሚኒባስ ይጮኻል፤ አጠገቤ የሚያነቡ ሰዎች ዞረው ያዩኛል።

ክረምቱን ሙሉ በእጅ የተጻፈ ፊደል የሚያነብ ሞዴል (ምሳሌ እያየ የሚማር ፕሮግራም) ስሠራ ነበር። ሰኔ ላይ ፈተና እንዳለቀ ለ26 የክፍሌ ልጆች ወረቀት አደልኩ። ከሀ እስከ ፐ፣ 231ዱንም፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ጻፉልኝ። ግማሹን በሻይ፣ ግማሹን በልመና። በስልኬ ፎቶ አንስቼ አንድ በአንድ ቆረጥኩ። 12,012 ምስል ሆነ። ምስሎቹን በዘፈቀደ በውዤ 80 በመቶውን ለማስተማሪያ፣ 20 በመቶውን ለፈተና አደረግኩ። ውጤት፦ 97 በመቶ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነበር። ብቻዬን ጨፈርኩ።

ጠዋት ለአያቴ አሳየኋት። አያቴ ፊደል የቆጠረችው ቄስ ትምህርት ቤት ነው። «እስቲ የኔን ያንብብ» አለችና በነጭ ወረቀት 60 ፊደል ጻፈችልኝ። ያወቀው 22ቱን ብቻ ነው። «ጸ»ዋን «ጰ» አለ። «ኘ»ዋን «ነ» አለ። አያቴ ሳቀችና «ልጄ፣ ይሄ ማሽንህ ፊደል አልቆጠረም፤ ጓደኞችህን ነው የሚያውቀው» አለችኝ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ የት ጋ ነው የተሳሳትኩት? ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ምን ልማር? ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) እወዳለሁ፣ ፊዚክስ እወዳለሁ፣ ሰማይ ማየትም እወዳለሁ። አባቴ «ሁሉን የወደደ አንዱንም አይዝም» ይለኛል።

ሰባራ_ባቡር · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡58

ወንድሜ፣ በቅንነት ነው የምልህ። የ12ኛ ክፍል ፈተና እየመጣ ነው። እዚያ አዳራሽ ሞዴልህ አብሮህ አይገባም። ይሄን ቅብጥርሶ ለጊዜው አስቀምጠውና አጥና።

እመት_ኮረንቲ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡31

አያትህ በአንድ አረፍተ ነገር ጨርሰውታል። እኔ ያንን ለመረዳት ማስተርስ ድረስ ሄጃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ልጅ እያንዳንዱን ፊደል ሁለቴ ጽፏል አይደል? በዘፈቀደ ስትበውዘው፣ የአንዱ ልጅ አንደኛው «መ» ማስተማሪያው ውስጥ ይገባል፤ ሁለተኛው «መ» ፈተናው ውስጥ። ሞዴሉ ፈተና ላይ የሚያገኘው ቀድሞ የለመደውን እጅ ነው። መምህርህ በመልመጃው ያሠራችሁን ጥያቄ ቁጥሩን ብቻ ቀይሮ ቢፈትናችሁ፣ 97 ብታገኝ ማን ይደነቃል?

ስለዚህ ክፍፍሉን በምስል ሳይሆን በሰው አድርገው። 20 ልጆች ለማስተማሪያ፣ 6 ልጆች ለፈተና። የስድስቱ አንድም ፊደል ወደ ማስተማሪያው እንዳይገባ። የሚመጣው ቁጥር ያናድድሃል። ግን እውነተኛው እሱ ነው።

ሌላ የምጠረጥረው ወረቀቱን ነው። ልጆቹ በምን ላይ ጻፉ? ሁሉም በአንድ ዓይነት ደብተርና በአንድ ዓይነት እስክሪብቶ ከሆነ፣ የአያትህ ነጭ ወረቀት ለሞዴሉ ባዕድ አገር ነው። እኛም በዚህ ተቃጥለናል። መሥሪያ ቤቱ ስሙ ይቅር፤ ከፎቶ ላይ የቆጣሪ ቁጥር የሚያነብ ነገር ሠርተን ነበር። ቢሮ ውስጥ እንከን የለውም። ሰፈር ይዘነው ስንወጣ ግማሹን አያነብም። ሁለት ሳምንት ኮዱን ስንበረብር ከረምን። ለካ ፎቶዎቹን የሰበሰበልን ሠራተኛ ሁሌም የሚወጣው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ መስታወቱ ላይ ስታርፍ ቁጥሩ ይጠፋል። ሞዴሉ እንደዚያ ያለ ቆጣሪ በሕይወቱ አይቶ አያውቅም።

ኮዱ ላይ ብዙ አትፍጠጥ። መጀመሪያ ምስሎቹን በዓይንህ እያቸው።

የዶሮማነቂያ_ልጅ · እሑድ፣ ከቀኑ 8፡15

እትዬ፣ ያሉኝን አደረግኩ። 71 በመቶ። አላለቀስኩም፣ ግን ምሳ አልበላሁም።

ወረቀቱም ልክ ነዎት። ሁሉም የጻፉት በሒሳብ ደብተር ነው፣ ባለ ካሬው። ከዚያ አንድ ነገር ልሞክር ብዬ ምንም ያልተጻፈበት ባዶ የካሬ ወረቀት ሰጠሁት። 88 በመቶ እርግጠኛ ሆኖ «ቀ» ነው አለኝ። ባዶ ወረቀት!

ሰባራ_ባቡር · እሑድ፣ ከቀኑ 8፡22

ሃሃሃ ይሄስ ይመቻል። እኔም ፈተና ላይ ያላወቅኩትን ሁሉ ሲ ነበር የምለው።

የፊደል_ገበታ · እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡05

አንድ ብልሃት ላዋጣ።

ኮምፒውተር ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የፊደል ቁጥር ዝርዝር ነው) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሀ 4608 ናት። ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ ይሄዳል። ለ ስትደርስ 4616። ስምንት ስምንት እየዘለለ ነው። ሰባቱ ቦታ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ ስምንተኛው እንደ ሏ እና ሟ ላሉ ዲቃሎች።

አሁን «ላ»ን ውሰድ። 4619 ናት። 4608 ቀንስ፣ 11 ይቀራል። ለ8 አካፍል፤ 1 ደርሶ 3 ይተርፋል። ከዜሮ ስለምንቆጥር 1 ማለት ሁለተኛው ቤት፣ የለ ቤት ነው። 3 ማለት ራብዕ። ቀ፣ ኀ፣ ከ እና ገ ላይ ለእነ ቈ ተብሎ ተጨማሪ ረድፍ ስለገባ የቤቱ ተራ ቁጥር ይንሸራተታል፤ የስምንቱ እርምጃ ግን አይፈርስም። ልጅ ሆነን ግድግዳ ላይ የምናያት ገበታ እንዳለች ማሽኑ ውስጥ ተሰቅላለች። ይሄን ያወቅኩ ቀን ለሚስቴ ሳስረዳት አምሽቼ፣ በመጨረሻ «እራት ይቀዘቅዛል» አለችኝ።

ታዲያ ምን ይረባሃል? ሞዴልህን «ከ231 ሳጥን አንዱን ምረጥ» ከምትለው ሁለት ጥያቄ ጠይቀው። የማን ቤት ነው? ስንተኛው ነው? 33 እና 7። ያኔ ከ«ላ» የተማረው ነገር ለ«ሳ» እና ለ«ባ» ይጠቅመዋል፣ ቀኝ እግሩ የረዘመ ሁሉ ራብዕ ነውና። እንዳንተ ጥቂት ዳታ ላለው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ልጅ ሆነህ አንተም የተማርከው እንደዚያ ነው፤ 231 ሥዕል አልሸመደድክም።

የዶሮማነቂያ_ልጅ · እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡19

ጋሼ ይሄን ነገር ማን ነገረዎት?! አሁኑኑ እጀምራለሁ። መብራት ከመጣ።

ሰባራ_ባቡር · እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡40

እሺ በደንብ አሳመራችሁት። ግን ለመሆኑ በእጅ የተጻፈ ፊደል ማሽን ቢያነብ ምን ይጠቅማል? ሁሉም ሰው በስልክ ነው የሚጽፈው።

ድሮ_ቀረ · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡10

@ሰባራ_ባቡር ታሪክ ነው የምሠራው፣ ልመልስልህ። አዲስ ዘመን ከግንቦት 1933 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመ ጋዜጣ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የሰው ስም ፍለጋ ሦስት ሳምንት ገጽ ስገልጥ ቆይቻለሁ፣ ጣቶቼ ጠቁረው። ያውም ያ የታተመ ነው። የድሮ ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ ብራና ሲመጣ አስበው። በእጅ የተጻፈ የሚያነብ ነገር ካለ የምፈልገውን ስም ጽፌ ቡና እየጠጣሁ እጠብቃለሁ። ልጁን ተወው ይሥራ።

መሪጌታ_በጡረታ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

እንደምን አደራችሁ። የልጅ ልጄ ነው ይሄን ጽሑፍ ያሳየኝ። ስለ ማሽኑ አላውቅም፤ ስለ ቁጥር ግን ጥቂት አውቃለሁ።

ልጄ፣ ያንተ ማሽን በማየት ብዛት ይማራል አሉ። እኛ ደግሞ በሕግ ብቻ የሚሄድ ስሌት አለን፤ ባሕረ ሐሳብ። ሁለቱን ጎን ለጎን ብትሠራቸው ልዩነታቸው ይገባሃል። በል የ2016ን ፋሲካ አብረን እናውጣ።

5500 ሲደመር 2016፣ 7516። ይህ ዓመተ ዓለም ነው። ለ19 ግደፈው፣ ማለት አካፍለህ የተረፈውን ያዝ፤ 11 ይተርፋል። ከተረፈው አንድ ስትቀንስ 10፤ ወንበር ይባላል። ወንበርን በ11 አብዛና ለ30 ግደፈው፤ 110 ነውና 20 ይተርፋል፤ አበቅቴ። ወንበርን በ19 አብዛና ለ30 ግደፈው፤ 190 ነውና 10 ይተርፋል፤ መጥቅዕ። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው፤ ወንበር ዜሮ ሲሆን መጥቅዕን 30 በል። ካልሆኑ ተሳስተሃልና ተመለስ። አባቶች ማረሚያውን እዚያው ስሌቱ ውስጥ አስቀምጠውልናል።

መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም ላይ ይውላል፣ ካነሰ ጥቅምት ላይ። 10 ነውና ጥቅምት 10። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። የቅዳሜ ተውሳክ፣ ማለት ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 8 ነው። 10 ሲደመር 8፣ 18፤ መባጃ ሐመር። መጥቅዕ በጥቅምት ከሆነ ነነዌ በየካቲት ነው፤ የካቲት 18። ከዚያ 69 ቀን ቁጠር። ሚያዝያ 27። በዓሉን ያከበርነው በዚያው ቀን ነው።

የሌሎቹ ተውሳክ፦ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። ዕለቱን ለማወቅ ዓመተ ዓለሙን ለ4 አካፍለህ የደረሰውን በላዩ ደምር፤ ለ7 ግደፈው። 1 ቢተርፍ መስከረም 1 ማክሰኞ ነው፣ 2 ቢተርፍ ረቡዕ፣ እንዲያ እያልክ። ይህን ለማሽኑ አስተምረው። አያትህን ሰላም በልልኝ።

የዶሮማነቂያ_ልጅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

አባ፣ እጅ ነሥቻለሁ። በ40 መስመር ኮድ ጨረስኩት። 2016ን ሚያዝያ 27 አለ። 2018ን ሚያዝያ 4 አለ፣ ልክ ነው። 2017 ላይ ግን ነነዌን ጥር 3 አደረገብኝና ፋሲካን መጋቢት 12 ላይ ጣለው። ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር! ወንበር 11፣ አበቅቴ 1፣ መጥቅዕ 29። ድምሩ 30 ነው። የት ጋ ነው የሳትኩት?

መሪጌታ_በጡረታ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡05

ጎበዝ፤ የተማሪ ሁሉ መውደቂያ እዚያ ላይ ነው። መጥቅዕ መስከረም 29፣ ዕለቱ ረቡዕ፣ ተውሳኩ 4። 29 እና 4 ስንት ነው? 33። ከ30 በለጠ። ስለዚህ 30ውን ጣለውና 3ቱን ያዝ። አንተ እስከዚህ ሄደሃል። ነገር ግን 30ውን ስትጥል ወሩም አብሮ ይሄዳል። ጥር ሳይሆን የካቲት 3። የኔታ እንዲህ ስንስት «ቀኑን ወሰድክ፣ ወሩን ለማን ተውከው?» ብለው በአለንጋ ቸብ ያደርጉን ነበር። ማሽኑ አለንጋ ስለሌለው እድለኛ ነህ።

የዶሮማነቂያ_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡30

አንድ መስመር ጨመርኩ። ሠራ!! አባ ያክብርልኝ። ከ1900 እስከ 2100 ያለውን በሙሉ በአንድ ትንፋሽ አወጣው። የአጎቴ ላፕቶፕ እንኳ አልጮኸም።

ቤቲ_ጀበና · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡12

እኔ ደግሞ ይሄን ካየሁ በኋላ አንዱን ቻትቦት በአማርኛ የ2017ን ፋሲካ ጠየቅኩት። ሲመልስ አይንተባተብም፣ እንደ ቄስ ነው የሚናገረው። ቀኑን ግን ሳተ። ደግሜ ስጠይቀው ይቅርታ ጠየቀና ሌላ የተሳሳተ ቀን ሰጠኝ። እንዴት ነው ይሄ ሁሉ ነገር የሚያውቅ ማሽን አባ በጣታቸው የሚቆጥሩትን የሚያጣው?

እመት_ኮረንቲ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

ምክንያቱም እየቆጠረ አልነበረም። እንደዚያ ያለው ሞዴል የሚሠለጥነው «ከዚህ ቃል ቀጥሎ የሚመጣው የትኛው ነው?» እየተባለ ነው። ስለ ፋሲካ ቀን የተጻፈ ብዙ ካነበበ ያገኘዋል። ካላነበበ ፋሲካ የሚመስል ቀን ይሰጥሻል። ሚያዝያ ይላል፣ ቁጥር ይጨምራል። የልጁን የባዶ ወረቀት «ቀ» አስታውሺ፤ ያው ነው። ኮድ ጽፎ እንዲያሰላ ብትጠይቂው ሊሻለው ይችላል፣ ያኔ የሚሠራው ሕጉ ነውና።

አማርኛ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለ። «ሰላም» ሦስት ፊደል ናት። በተለመደው አሠራር አንድ የኛ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ ሲቀመጥ 3 ባይት (የማስቀመጫ ቦታ መለኪያ ነው) ይወስዳል፣ ስለዚህ 9 ባይት። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ነው። ሞዴሎች ጽሑፍን ቶክን ወደሚባል ቁራሽ ይቆርጡታል፤ አማርኛ እምብዛም ያላየ መቁረጫ አንዱን ፊደል እንኳ ይከታትፈዋል። በቶክን ሲያስከፍሉሽ የኛ አንድ ገጽ ከእንግሊዝኛው የሚበልጥ የሚያስወጣው ለዚህ ነው።

ከዚያ ደግሞ ማጥበቅና ማላላት። «ዶሮ ይበላል» ብዬ ብጽፍ ዶሮዋ እህል ትለቅማለች ወይስ ዛሬ ወጥ አለ? ስናነበው «በ»ን እናጠብቃለን ወይም እናላላለን፤ ጽሑፉ ላይ ግን ምልክት የለም። እኛ ከአውዱ እናውቃለን። ማሽኑም ከአውዱ መማር ይችላል፣ ግን በቂ አማርኛ ማንበብ አለበት። ያ ደግሞ እንደ እንግሊዝኛው ተትረፍርፎ የተጻፈ አይደለም። ማሳካኔ የሚባሉት የአፍሪካ ቋንቋ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 በ10 ቋንቋዎች የሰው፣ የቦታና የድርጅት ስም የተለየበት ዳታ ሲያወጡ አማርኛ አንዱ ነበር። በደመወዝ ሳይሆን በፍቅር የሚሠራ ሰው ይበዛበታል።

ቤቲ_ጀበና · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡11

ዶሮ ማነቂያ ላደገ ልጅ ዶሮዋ መጨረሻዋ ወጥ ነው።

ተበላሁ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ለልጁና ለሚያነቡ ሁሉ ነው። የዛሬ ዓመት አንድ ማሠልጠኛ «በሁለት ወር የኤአይ ባለሙያ» ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ስሙን አልጠራም። 18 ሺህ ብር ከፈልኩ፣ ከደመወዜ ላይ ቆጥቤ። አስተማሪው ስላይድ እያነበበ ሁለት ወር አለቀ። አንድም ቀን ኮድ አልከፈትንም። አንድ ልጅ «ለምን ሞዴሉ ይሳሳታል?» ብሎ ሲጠይቅ «ስለ እሱ በአድቫንስድ ኮርስ እንማራለን» አለ፤ አድቫንስዱ ሌላ 18 ሺህ። ሰርተፊኬቱ ያምራል፣ ወርቃማ ጠርዝ አለው። እናቴ ሳሎን ሰቅላዋለች፣ አውርጂው ማለት አፈርኩ። ይሄ ልጅ በሒሳብ ደብተር የሠራው እኔ ከከፈልኩበት ይበልጣል።

የሊያ_እናት · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡25

አይዞህ ወንድሜ። እኔም ልከፍል ትንሽ ነበር የቀረኝ። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ስለ ሮቦት እያወራች እንቅልፍ ነሥታኛለች። ባለፈው ሳይንስ ሙዚየም ወስጃት ከዚያ በግድ ነው ያወጣኋት። ቤታችን ኮምፒውተር የለም። ከየት ላስጀምራት?

እመት_ኮረንቲ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡50

@የሊያ_እናት አሁን ክፍያም ኮምፒውተርም አያስፈልግሽም። ሒሳቧን ያዢላት፣ በተለይ ክፍልፋይና ግራፍ። ያባ መሪጌታን ስሌት በወረቀት ታውጣ፤ የተወለድሽበትን ዓመት ፋሲካ ፈልጊ በያት። ኮዱ ሲመጣ ይመጣል።

ሚያዝያ_2012 · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡30

ስሜን ያያችሁ ይገባችኋል። በዓለም ካሉት ትልልቅ የኤአይ ጉባኤዎች አንዱ፣ አይሲኤልአር፣ በሚያዝያ 2012 አዲስ አበባ ሊካሄድ ነበር። እንደዚህ ያለ ትልቅ የኤአይ ጉባኤ አፍሪካ ሲመጣ የመጀመሪያው በሆነ። ከዚያ በፊት የኛ ልጆች ጥናታቸው ተቀባይነት አግኝቶ ቪዛ እየተከለከሉ ይቀሩ ነበርና ትልቅ ነገር ነበር። ሸሚዝ ገዝቼ ነበር እኮ። ኮሮና መጣና ጉባኤው በኢንተርኔት ሆነ። እኔም ሸሚዙን ለብሼ በስልኬ ዳታ ተከታተልኩት። ፓኬጁ በሁለተኛው ቀን አለቀ።

ወደ ልጁ ጉዳይ ስመለስ፦ አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣችውን ጥናት ፈልገህ አንብብ። በፊት ፎቶ ሴትና ወንድ የሚለዩ የትልልቅ ኩባንያ ሲስተሞችን ፈተኑ። ቀላ ያሉ ወንዶች ላይ ስህተቱ ከ1 በመቶ በታች። ጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ። ጠቅላላ ውጤቱን ብቻ ያየ ሰው «አሪፍ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እነሱ ግን ከፋፍለው አዩት። አንተም 71ህን ከፋፍለው። በየሰዉ፣ በየፊደሉ።

የአራትኪሎ_ባዮሎጂ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሁለተኛውን ጥያቄውን ሁላችሁም ዘላችሁታል! ምን ልማር ብሏል እኮ።

እ.ኤ.አ. በ2024 የፊዚክስ ኖቤል የተሰጠው ለሆፕፊልድና ለሂንተን ነው፤ በሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ ሥራቸው። የዚያው ዓመት የኬሚስትሪው ለቤከር፣ ለሃሳቢስና ለጃምፐር፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በኤአይ የፕሮቲንን ቅርጽ በመተንበይ። ፊዚክስ ነው ኮምፒውተር ነው የሚለው አጥር ስቶክሆልም ላይ ፈርሷል። አራት ኪሎ ግቢ ውስጥም ከፊዚክስ ወደ ኮምፒውተር ያለው መንገድ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። አባትህን በዚህ ተከራከራቸው፣ በትሕትና።

ሰማዩን ከወደድክ እንጦጦ ላይ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ሰብሰብ ብላችሁ በትምህርት ቤታችሁ በኩል ጉብኝት ጠይቁ። ጃኬት ያዝ፤ ብርዱ ቀልድ አያውቅም።

እና አንድ የኛን ሰው ልጨምር። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከሚታጠብበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈዋል። ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፉት እነዚያ ናቸው። ልብሱን ሁሉም ሰው አይቷል፤ እሳቸው ቀንድ አውጣውን አዩ። እኔ ይሄን ታሪክ ሰምቼ ነው ባዮሎጂ የገባሁት። አሁን ቀንድ አውጣ ስቆጥር ነው የምውለው፣ ቅሬታ የለኝም፣ ወገቤ ብቻ።

የዶሮማነቂያ_ልጅ · ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 9፡00

ጠፋሁ አይደል? ፈተና ነበረብኝ (@ሰባራ_ባቡር ሒሳብ 94 ነው ያመጣሁት፣ ለመረጃ ያህል)።

የሠራሁትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ እንደተባልኩት ምስሎቹን በዓይኔ አየሁ። 12,012ቱን ሁሉ፣ አራት ምሽት ፈጀብኝ። 140 ያህሉ ስማቸው የተሳሳተ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ሰልችቶት አንዷን ዘሎ ጽፎ ከ«ዠ» ጀምሮ ያሉት ሁሉ በአንድ ተራ ተንሸራተዋል። ሻዬን ጠጥቶ!

ከዚያ ካሬዎቹን በኮድ አጠፋሁ። ከዚያ የፊደል ገበታን ብልሃት ተጠቀምኩ፣ ቤቱን ለብቻ፣ ተራውን ለብቻ። ከዚያ አያቴ ወደ ዕድሯ ወሰደችኝ። ስብሰባው ሲያልቅ ተነሥታ «ይሄ ልጅ ፊደላችሁን ይፈልጋል» አለች። 15 ሰው ጻፈልኝ። ከመሃላቸው ትልቁ 81 ዓመታቸው ነው፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ግን «ጨ»ን እንደሳቸው አሳምሮ የጻፈልኝ የለም። አንዲት እናት «እኔ የመሠረተ ትምህርት ነው የተማርኩት፣ አያምርም» ብለው እምቢ ሲሉ አያቴ «የሚፈልገው ያንን ነው» አለቻቸው።

አሁን 41 ሰው አለኝ። በሰው ከፍዬ ስፈትነው 84 በመቶ። የአያቴን ማስተማሪያው ውስጥ አላስገባሁትም። ያንኑ የድሮውን 60 ፊደል ሰጠሁት፤ 47 አገኘ። ባዶ ወረቀትም ስሰጠው አሁን «አላውቅም» እንዲል አድርጌዋለሁ።

ሚያዝያ 2012 እንዳለኝ ከፋፍዬም አየሁት። ቤቱን መለየት ላይ ጎበዝ ነው። የሚወድቀው ስንተኛነቱ ላይ ነው፣ በተለይ ካዕብና ሣልስ። ትንሿ ቅጥያ መሃል ላይ ትሁን ታች ላይ የሰው እጅ ግድ የለውም። ከሰዎቹ ደግሞ የሚከብዱት ትንንሽ ልጆች ናቸው። አንድም ከ15 ዓመት በታች የጻፈልኝ የለም ለካ።

አያቴ 47ቱን ስነግራት «ድቁና ሊደርስ ነው» አለች።

የሊያ_እናት · እሑድ፣ ከቀኑ 9፡20

ሊያ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው! ጽፋ ፎቶ አንሥቼ ልላክልህ? ታናሽ ወንድሟም አለ፣ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ «ሐ»ን ገልብጦ ነው የሚጽፈው።

የዶሮማነቂያ_ልጅ · እሑድ፣ ከቀኑ 9፡24

እትዬ በጣም ነው የምፈልገው! ስማቸው ወረቀቱ ላይ አይጻፍ፣ ዕድሜያቸው ብቻ። ፎቶውን ከላይ ቀጥ አድርገው ያንሡት፣ ጥላ እንዳይገባበት። የወንድሟን «ሐ» አያርሙበት፤ እንደጻፈው ይላኩልኝ።

የሊያ_እናት · እሑድ፣ ከቀኑ 9፡31

ቤት ያለው ባለ መስመር ደብተር ነው። ነጭ ወረቀት ልግዛ?

የዶሮማነቂያ_ልጅ · እሑድ፣ ከቀኑ 9፡32

አይግዙ። ባለ መስመር እስካሁን የለኝም።